ደም የሚመሰክረውና የማይመሰክረው
(በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ለላቦራቶሪና ለሕክምና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የደም ፕሮቲኖችን በመመርመር ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ ለይቶ ስለ ማወቅ ነው። አስቀድሜ ግን ከሥራ ዘመኔ የማልረሳውን አንድ ነገር ልናገር። ጥጥ በመፍተል የሚተዳደሩ አንዲት እናት የእጆቻቸው መገጣጠሚያዎች ሁሉ አብጠው፣ ማለዳ ማለዳም እንዝርት ማሾር እስኪሳናቸው ድረስ ጣቶቻቸው እየደረቁ ለወራት ከተቸገሩ በኋላ ወደ ሕክምና መጡ። የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራውን የሠራሁት እኔ ነበርሁ፤ ውጤቱም ኔጌቲቭ ሆነ። በዚያች አንዲት ቃል «በሽታው የለብዎትም» ተብለው ተሰናበቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ጣቶቻቸው ተጣመው ነበር። ምርመራው በአግባቡ ተሠርቷል፤ የተሳሳተው የውጤቱ አተረጓጐም ነው።

ይህ ፋክተር የሰውነትን የራሱን ፀረ እንግዳ አካል የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ኖርዌያዊው ኤሪክ ዋለር፣ በ1948 ደግሞ በአሜሪካ ሐሪ ሮዝና ባልደረቦቹ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን እርስ በርስ በማጣበቁ ለይተው አሳወቁት። ከመቶ ሕሙማን ከ70 እስከ 80 በሚሆኑት ይገኛል፤ የቀሩትን ግን ይስታቸዋል። በአንጻሩም በካላአዛር፣ በሳንባ ነቀርሳና በሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን፣ እንዲሁም በአንዳንድ ጤነኛ አረጋውያን ደም ይታያል።

በ1998 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሲትሩሊን የተባለው አሚኖ አሲድ የዚህ በሽታ ፀረ እንግዳ አካላት ዒላማ መሆኑን አሳዩ፤ አንቲ ሲሲፒ የተባለው ምርመራም ከዚህ ተገኘ። ይህ ከቀድሞው ይልቅ በሽታውን ከሌላው ይለያል፤ ሕመሙ ሳይገለጥ ከዓመታት በፊትም በደም ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሳንባ ነቀርሳ ባለባቸው ሰዎች አልፎ አልፎ ስለሚገኝ በአገራችን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ጉበት የሚያመነጨው ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲንም ብግነት መኖሩን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ዛሬ 12 ፕሮቲኖችን በአንድነት የሚለካ ምርመራ አለ፤ እርሱም የታወቀውን በሽታ ብርታት ለመመዘን እንጂ በሽታውን ለመለየት የተዘጋጀ አይደለም።

በ2010 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ያወጡት መመዘኛ 10 ነጥብ ሲኖረው በሽታው ነው ለማለት 6 ይበቃል። ለፀረ እንግዳ አካላት የተሰጠው ቢበዛ 3 ነው። ትንንሾቹን ጨምሮ ከ10 በላይ መገጣጠሚያዎች ከታመሙ 5፣ ሕመሙም ስድስት ሳምንት ከሞላው 1 ነጥብ ይሰጣል። ለእብጠቱ የተሻለ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ፣ በደም አንዳች ፀረ እንግዳ አካል ባይታይ እንኳ 6 ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። የእኒያ እናት እጆች ያን ጊዜ በሚገባ ተዳስሰው ቢሆን ኖሮ መልሱ ከእጃቸው በተገኘ ነበር።

ስለዚህ፣ ባልደረቦቼ፣ ኔጌቲቭ የሚል ውጤት ስንጽፍ «በሽታውን አያስቀርም» የምትል አንዲት መሥመር እንጨምር። ሐኪሞቻችንም የታመመውን እጅ ሳይዳስሱ ወረቀቱን ብቻ አይመኑ። ሜቶትሬክሴትን የመሰሉ መድኃኒቶች በጊዜ ከተጀመሩ መገጣጠሚያን ከመጥፋት ያድናሉ፤ የተጣመመውን ጣት ግን አያቀኑትም።