ታብሌቱ ከመምጣቱ በፊት
(በአንጋጫ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ የገንዘብም የአማናም ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችን ማኅበሩ ለሚረዳቸው ትንንሽ ሕፃናት ታብሌት ገዝተው ለመላክ መልካም ፈቃዳቸውን ገልጸውልናል። ከመካከላችን «ይምጣልን፤ የእኛ ልጆች ከከተማ ልጆች ለምን ያንሳሉ?» ያለ አለ። «ደብተር ላልተሟላለት ልጅ ታብሌት ምን ያደርግለታል?» ያለም አለ። ዕድሜያችንን በማስተማር ያሳለፍን እንደመሆናችን ሐሳባችንን እንድንሰጥ ተጠይቀናልና እነሆ እናቀርባለን።

በቅድሚያ የማስተማሪያ መሣሪያ ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን እናስታውስ። እኛ ፊደል የቆጠርነው በለውሕ ነው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይጻፍበታል፤ ትምህርቱ ሲያዝ ይታጠባል፤ ደርቆም እንደገና ይጻፍበታል። እጅግ የተዋጣለት መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ለውሕ ብቻውን ያስተማረው ልጅ አናውቅም። ባእ፣ ታእና ሣእ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። ልዩነቱን ያሳየን፣ ስንሳሳት ሰምቶ ምላሳችንን ያቀናልን አጠገባችን የተቀመጠው ሸኽ ወይም ከእኛ ከፍ ያለው ደረሳ ነበር።

የራሳችንንም ጥፋት አንሸሽግም። በተራችን አስተማሪዎች ስንሆን ሕፃናቱን በሚያውቁት ቋንቋ ሳናናግር ድምፅ ብቻ ያስደገምንባቸው ዓመታት ነበሩ። ልጆቹ ተራውን ጠብቀው ይወርዱታል፤ የፊደሉ ቦታ ሲቀያየር ግን ግራ ይገባቸዋል። እኛም ይህን የልጁ ስንፍና አድርገን እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ስናስበው ጉድለቱ የእኛ ነበር።

የአንጋጫን ልጅ ሸክም አስቡት። ቤቱ የሚሰማው ከምባትኛ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ከምባትኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። መድረሳ ሲመጣ ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። አማርኛን ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። ለአንድ ትንሽ ልጅ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ቀላል አይደለም። ሸክሙን የሚያቀልለት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያካበተው ቃል፣ የሰማው ተረት፣ የፈታው እንቆቅልሽ፣ ድምፅን ከድምፅ መለየት የለመደው ጆሮው ነው። እናት እንሰት እየፋቀች «ይህ ምን ይባላል? ስንት ቀረን?» ስትለው ትምህርት ተጀምሯል። የቲም ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያጣው ይህንኑ ነው። አያቱ ደክማለች፤ አጎቱ ገበያ ውሎ ሲመሽ ይገባል። ልብሱና ምግቡ ቢሟላለትም እንኳ አረፍ ብሎ የሚያናግረው ሰው ላይኖር ይችላል።

የመሠረት መላላት የአገር ችግርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በዚያው ዓመት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ «ኦ ክፍል» የምንለውም በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት አስቀምጧል።

መሣሪያ ይህን ክፍተት ይሞላልን? ያለፍንበትን እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራዎችን በምስል ማየት መቻሉ ጥቅም ነበረው። ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይጠብቅም፤ መብራት ከጠፋም ያልፋል። ለጎረምሳ የከበደ አካሄድ ለአምስት ዓመት ሕፃን ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወሎንጭቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌላቸው ሁለት መንደሮች ለሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ተሰጠ። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው አበሩት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙርም ያዙ። ይህ የልጅን ብልህነት ያሳያል። የፊደልን ስም ማወቅና ጽሑፍን አንብቦ መረዳት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ያጎላዋል። በአሜሪካ የ9 ወር ሕፃናት በ12 ክፍለ ጊዜ ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ለከፊሎቹ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አጫወታቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ በቴሌቪዥን አዩ። የቋንቋውን ድምፆች መለየት የቻሉት ሰው ያጫወታቸው ናቸው።

ይህን ስንል መሣሪያን መንቀፋችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ፕሮግራም፣ ቀጭኔ አሻንጉሊቷን ይዞ በሕፃናት ቋንቋ በመናገሩ ተወዳጅ ሆኗል። ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሲነገረውና አጠገቡ ሆኖ «ምን አለች?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ምስልም ያስተምራል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፦ ወንድሞቻችን ከሚልኩት ገንዘብ በቅድሚያ ከምባትኛ የምትናገር፣ ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት ወጣት ይቀጠርልን። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሕፃናቱን ታጫውት፤ ተረት ትንገር፤ ታስቆጥር፤ ታስዘምር።

ሁለተኛ፦ ታብሌት ለእያንዳንዱ ልጅ ከሚሆን ለጋራ ጥቂት ይምጣ። የአካባቢያችን አዛውንቶች ተረትና እንቆቅልሽ በድምፅ ይቀዳበት፤ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል፤ እኛም ይህን እናክብር።

ሦስተኛ፦ እናንተ አሳዳጊዎች፣ ሌሊቱ ሳይገፋ ሩብ ሰዓት ስጧቸው። ማንበብ ባትችሉም ትችላላችሁ። የዋለበትን ጠይቁት፤ ሲመልስም አታቋርጡት።

የቲም ልጅ አንድ ቀን ሲያነብ የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደነገረው ያስታውሳል። ያ ሰው ከመካከላችን አንዱ እንዲሆን አላህ ይርዳን። ውሳኔውን ለጉባኤው እንተዋለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።