ፒያሳን በእግር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአራት ኪሎ ተነሥቶ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው ፒያሳ ሩቅ አይደለችም። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ዳሩ ግን የምናውቃት ለቡናዋ፣ ለኬኳና ለወርቅ ቤቶቿ ነው እንጂ ለግድግዳዋ አይደለም።

«አሮጌና አዲስ» ሲባል አሮጌው የእኛ፣ አዲሱ የባዕድ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ልስኑ ከረገፈበት አንድ የቆየ ቤት አጠገብ ቁሙ። ውስጡ ቋሚና ማገር፣ ጭቃና ጭድ ነው፤ ባላገሩ አባታችን የሚሠራው ግድግዳ። ከፊቱ ግን የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ያስለመዱት የእንጨት በረንዳ ወጥቶለታል፤ ክዳኑም ከባሕር ማዶ የመጣ ቆርቆሮ ነው። ይህ ቤት ሲሠራ ራሱ አዲስ ነገር ነበረ። ስምንት ማዕዘን ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታም ካስታኛ የተባለ የኢጣልያ መሐንዲስ ሠርቷል። «ፒያሳ» የሚለው ስም እንኳ ከወራሪው ቋንቋ የቀረ ነው። የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ያዛወረውም ያው ወራሪ ነው፤ እሱ ሄደ፣ ገበያው ግን አልተመለሰም።

በ1950ዎቹ መዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ተጨመረ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፣ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ።

እዚያ ያደገ አንድ ጓደኛዬ፦ «አንተ ለፎቶግራፍ ትወደዋለህ፤ እኛ ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ደቅነን አድረናል» አለኝ። «ጣራ እኮ ይጠገናል» አልኩት። «ማን ጠገነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቢሆንም የሚያፈስ ጣራና የሚፈርስ ቤት አንድ አይደሉም። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል እንዳየነው፣ የተጎዳን ቤት እንደ ነበረ ለመመለስ በቅድሚያ ልኩ ተጽፎ መገኘት አለበት። ከቆሙት ቤቶች ስንቱ ተለክቷል?

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሜትርና ወረቀት ይያዙ፤ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ቤቱን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ኖረበት ይጠይቁ፤ ነዋሪውን ሳናስፈቅድ ግን ወደ ማንም ግቢ አንገባም። የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት በምኒልክ ሐውልት ሥር እንገናኝ። እኔ አንድ ሜትር ብቻ ነው ያለኝ፤ ያላችሁ አምጡ።