የቆሞ ሠራተኛ እግርና እጅ፤ በሥራ ሥፍራ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ደም ዝውውር የተደረገ ንግግር



በአንድ የግንባታ ሥራ ሥፍራ የኮንክሪት ማደባለቂያው ዘይት የሚለወጥበት ሰዓት በመዝገብ ተጽፎ ይጠበቃል። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ሲለወጥ ኦፕሬተሩ ያቆመዋል፤ መካኒክ ይጠራል፤ ሥራው ለግማሽ ቀን ቢስተጓጐልም የሚቆጣ የለም። ከዚያው ማሽን ጎን ቆሞ አሸዋና ጠጠር የሚመግበው ሠራተኛ ግን እግሩ ቢያብጥ፣ ጣቱ ቢደነዝዝ፣ የተወለመ ቁርጭምጭሚቱ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ቢያድር የሚመዘግብለት የለም። እርሱም ራሱ አይናገርም። ቢናገር «እንግዲያስ ዕረፍ» ተብሎ የዕለት ደመወዙን እንደሚያጣ ያውቃልና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል እውነት ቢሆንም፣ ሠራተኛው በሽታውን እንዲደብቅ የሚያስገድደው የሥራው አደረጃጀት ከሆነ ተወቃሹ እርሱ ብቻ አይደለም። አደረጃጀቱን የሚነድፈው ደግሞ መሐንዲሱ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የዚህ ሙያ ጉዳይም ነው።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከሀገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደም ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ

ደም በሰውነት ውስጥ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ዊልያም ሃርቬይ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ካስረዳ ወዲህ፣ ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ፓምፕ፣ ቧንቧና ቫልቭ ያለበት ሥርዓት ነውና። ከልብ የሚወጣውን ደም ደም ቅዳዎች ያደርሳሉ፤ ደም መልሶች ይመልሱታል። ችግሩ ያለው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። ቆሞ የሚገኝ ሰው ከልቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያለው ከፍታ 1.2 ሜትር ያህል ነው እንበል። የደም እፍግታ በሜትር ኩብ 1060 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በቁርጭምጭሚቱ ደም መልስ ላይ የሚያርፈው የዓምዱ ግፊት 12.5 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። ይህም በሐኪሞች መለኪያ ከ90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ማለት ነው።

ይህን ዓምድ ወደ ላይ የሚገፋው ሁለተኛ ፓምፕ የባት ጡንቻ ነው። ሰው ሲራመድ ባቱ እየተኮማተረ በውስጡ ያለፉትን ደም መልሶች ይጨምቃል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ቫልቮችም ሽቅብ የወጣው ደም ቁልቁል እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ቫልቮቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ በእርምጃ ጊዜ ያ ግፊት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ ጎጂው ሥራ መሥራቱ ሳይሆን ሳይንቀሳቀሱ መቆሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውል ተሸካሚ ባቱ ይሠራለታል፤ በአንድ ቦታ ተተክሎ ፌሮ ሲያጥፍ የሚውለው ግን በአንድ ፓምፕ ብቻ ይኖራል።

ግፊቱ ለዓመታት ሳይቀንስ ሲቆይ ደም ሥሮቹ ይለጠጣሉ፤ ቫልቮቹም አይገጥሙም። በመጀመሪያ ማታ ማታ እግር ይከብዳል፤ የካልሲ ጠርዝ ምልክቱን ይተዋል። ቀጥሎ ደም መልሶች ተጠማዝዘው በቆዳ ላይ ይታያሉ። ኋላም ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ እየጠቆረና እየደረቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በትንሽ ጭረት ለወራት የማይድን ቁስል ይከፈታል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቆመው የሚሠሩ ሰዎች የእግር ደም ሥራቸው እንደሚያብጥ ጽፏል። ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያስተማረም እርሱ ነው።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለበትም። ቆሞ የሚሠራ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት እርምጃ ቢራመድ፣ ያም ካልተቻለ በጣቶቹ እየቆመ ተረከዙን ሃያ ጊዜ ያህል ቢያነሣና ቢያወርድ፣ ባቱ ሥራውን ይሠራለታል። በመሥሪያው ጠረጴዛ ሥር አንዱን እግር በተራ የሚያሳርፍበት ዝቅተኛ ሳንቃ ቢደረግለት፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የጎማ ምንጣፍ ቢነጠፍለት ድካሙ ይቀንሳል። በምሳ ዕረፍት ለሩብ ሰዓት ተጋድሞ እግሩን ከልቡ ከፍ ማድረግ ከወንበር ላይ ከመቀመጥ ይበልጣል። ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲም ይረዳል፤ የሚደረገውም ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው። ነገር ግን የደም ቅዳው የጠበበበት ሰው ይህንን ካልሲ ቢያደርግ ጉዳት ሊያገኘው ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሲራመድ ባቱን የሚጨመድደው፣ ሲቆም የሚተወው፣ እግሩም የሚቀዘቅዘው ሰው ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል።

የረጋ ደም

ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋባቸው ምክንያቶች በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ቪርኾው ስም ይጠራሉ፤ እነርሱም የደሙ ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥሩ ግድግዳ መጎዳትና ደሙ ራሱ ለመርጋት ማዘንበሉ ናቸው። እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። ረጅም መንገድ በመኪና ተቀምጦ የሚጓዘው የመስክ መሐንዲስም ከዚህ ነፃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ከመነሻው አነስተኛ ስለሆነ መጓዝ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሆኖም በየሁለት ሰዓቱ መኪና አቁሞ መራመድ ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም ይበጃል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ሁለቱም እግሮች ማታ ሲያብጡ ብዙ ጊዜ የመቆም ውጤት ነው። አንዱ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ባቱ ቢያምና ቢግል ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ያን ባት ማሸት ፈጽሞ አይገባም። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ትንፋሽ በድንገት ያጥራል፤ ደረት ይወጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ያስላል። ይህ ሲታይ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

የሚነጡ ጣቶች

በእጅ ላይ ያለው ችግር መልኩ ሌላ ነው። ሞሪስ ሬይኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862፣ ጣቶች በቅዝቃዜ ጊዜ ደም እየሸሻቸው እንደሚነጡ ገልጾ ጻፈ። ከዚያ በኋላ፣ በ1918፣ አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን በኢንዲያና ግዛት በቤድፎርድ የድንጋይ ጠራቢዎችን መረመረች። በአየር ግፊት የሚሠራ መዶሻ የሚይዙት ሰዎች በብርድ ጠዋት ጣቶቻቸው እንደሚነጡና እንደሚደነዝዙ አረጋገጠች፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ንዝረትና ቅዝቃዜው ነበር። ብሪታንያ ይህንን ሕመም ከሥራ በሚመጡ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባችው በ1985 ነው። ከመጀመሪያው ዕውቀት እስከ ሕጉ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል።

በደጋው ሀገራችን ክረምትና ጥቅምት ጠዋት ሥራ ሲጀመር ብርዱ ቀላል አይደለም። ጃክ ሐመር ወይም የኮንክሪት ቫይብሬተር ይዞ የሚሠራ ሰው ጣቶቹ ቢነጡ «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ውሎ አድሮ ግን ሚስማር ለማንሣት፣ ቁልፍ ለመቆለፍ ይቸገራል፤ የነርቭ ጉዳቱም ሥራው ሲቆም ሁልጊዜ አይመለስም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ ንዝረት በካሬ ሰከንድ 2.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው ርምጃ መውሰድ ይጀምራል፤ ከ5 ሜትር ማለፍ አይፈቀድም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመሣሪያው ፍጥንጥነት በሰዓቱና በ8 ድርሻ ካሬ ሥር ይባዛል። 10 ሜትር በካሬ ሰከንድ የሚነዝር መሣሪያ የመጀመሪያውን ልክ በግማሽ ሰዓት፣ የመጨረሻውን በ2 ሰዓት ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ሰው ያንን መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ይዞ ሲውል የተፈቀደው ልክ ገና ከረፋዱ በፊት አልፏል ማለት ነው። አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ቢይዙት ግን ሥራው ሳይቆም ሁሉም ከመጨረሻው ልክ አያልፉም። ከዚህ ጋር የደነዘዘ ጫፍ በወቅቱ መለወጥ፣ መሣሪያውን አለመጨበጥ ሳይሆን ላላ አድርጎ መያዝ፣ እጅንና መላ ሰውነትን ማሞቅ፣ ሲጋራን መተው ይገባል። ሲጋራ ራሱ ደም ሥርን ያጠባልና።

ጉዳት ሲደርስ

ወለምታ በሥራ ሥፍራ የዘወትር ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚበጀው እግሩን ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ማብረድ፣ በሚለጠጥ ፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ማሞቅና ማሸት እብጠቱን ያብሳል። ከዚያ በኋላ ግን ጨርሶ ተኝቶ መክረም አይጠቅምም፤ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ይገባል። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።

ስብራት ሲሆን ብዙ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያው ይቀልላል፤ ቋንቋውም ይገባል። ስለዚህ ወጌሻን መሳደብ ማንንም አያድንም። አደጋው ያለው በማሰሪያው ጥብቀት ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፤ በቀርከሃና በገመድ አጥብቆ የታሰረ ከሆነ እብጠቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ደም ይቋረጣል። ጡንቻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ደም ካጣ ሞቶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የበሰበሰ እጅና እግር መቁረጥ የግድ እንደሆነባቸው የሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ከተቆረጡትም ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የታሰረው እግር ወይም እጅ ጣት ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ከሁሉም በላይ ሕመሙ ከጉዳቱ ልክ አልፎ እየባሰ ከሄደና ሌላ ሰው ጣቱን ቀስ ብሎ ሲዘረጋው የሚያስጮህ ከሆነ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሰውየውም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጀሶም ቢሆን እንዲሁ ነው። «ሕመሙ አጥንቱ ሲገጥም ነው፤ ቻለው» የሚለው ምክር ስንቱን አካል አስቆርጧል።

ስለ ጫማም አንድ ነገር ሊታከል ይገባል። ሚስማር ወግቶት የማይሰማው ሠራተኛ ጠንካራ ሳይሆን የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ማታ የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መሐል መመልከት ልማዱ ይሁን። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። በሀገራችን ይሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በደጋ ገበሬዎች ዘንድ የሚታየው የእግር እብጠት ከትንኝ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ በመጣ አፈር የሚነሣ መሆኑን አስረድቷል። መከላከያውም ጫማና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ በመንገድ ሥራ በጀት ውስጥ ጫማ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

መሐንዲሱ ምን ያድርግ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ማድረግም የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸከመው አሠሪው ነው። ከሥራ ውጭ በሆነ ሕመም የሚያርፍ ሠራተኛም የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ፣ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ለተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ሠራተኛውን አያናግረውም። የሚያናግረው፣ የተናገረው ሁሉ ሥራውን ያላጣ መሆኑን ሲያይ ነው። ስለሆነም ከወለምታ የተነሣው ሰው ለሁለት ሳምንት ዕቃ ቤት ተቀምጦ እንዲመዘግብ፣ ጣቱ የሚነጣው ጃክ ሐመሩን ትቶ ቀያሽ እንዲረዳ፣ እግሩ የሚያብጠው ቆሞ ከሚሠራው ወደሚመላለሰው ሥራ እንዲዛወር ቀድሞ በመርሐ ግብሩ ቦታ ቢዘጋጅ፣ ምሥጢሩ ይወጣል። ይህ ልግስና አይደለም። የሠለጠነ ፌሮ ሠራተኛን አጥቶ አዲስ ማስተማር ከሁለት ሳምንት ቀላል ሥራ እጅግ ይበልጣልና ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደተባለው፣ ጊዜው የሚገኘው በመጀመሪያ ነው። የሥራ መርሐ ግብር ሲነደፍ ንዝረት ያለው መሣሪያ በስንት ሰው እንደሚያዝ ይጻፍ። የዕለት መዝገብ ሲሞላ ከማሽኑ ብልሽት በታች የሰው ሕመም የሚጻፍበት አንድ መስመር ይኑር። ካቦው ጠዋት ሠራተኛ ሲቆጥር «እግርህ እንዴት አደረ? ጣትህስ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመጣውን መልስ ሰምቶ በዚያው ቀን የሰውየውን ቦታ የመለወጥ ሥልጣንም ይሰጠው።