ነገረ ፈጅና የሚለዋወጠው የንግድ ሕግ



በአገራችን «በሕግ አምላክ» ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ሲባል ኖሯል። ሰው ለሕግ መቆሙ የሚያስመሰግን ነው፤ ሕግ ራሱ ግን ቆሞ አይጠብቅም። በተለይም የንግድ ሕግ ከንግዱ ጋራ አብሮ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ ትናንት የተማሩት ለዛሬ ሳይበቃ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ስለሚሠራው ነገረ ፈጅ ዕውቀት ይሆናል።

ነገረ ፈጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በችሎት ቆሞ የሚከራከረውን ነው። ነገር ግን ከክርክሩ የሚበልጠው ሥራው ክርክር እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ይመረምራል፤ ሹሙ ሲጠይቀው «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ ይጽፋል። በዚህች አንዲት ቃል ገንዘብ ይወጣል ወይም ይቀራል፤ ባለ ጉዳይም ይስተናገዳል ወይም ይመለሳል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምረውት እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት፣ ሳይተካ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። በዚያ ዘመን የሕግ ተማሪ አንድ ጊዜ ያጠናው መጽሐፍ እስከ ጡረታው ሊያደርሰው ይችል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቶ የቀድሞውን ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ተካ። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቻለ፤ ዕዳ የከበደው ነጋዴም ከመክሰሩ በፊት ድርጅቱን መልሶ የሚያደራጅበት መንገድ ተከፈተለት። ይሁን እንጂ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ አልተሻሩም። እንግዲህ አሮጌውን ሕግ የሙጥኝ ያለ ነገረ ፈጅ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ አሮጌው ፈጽሞ ቀርቷል ብሎ የጣለውም ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በደቡብ ወሎ፣ በከላላ ወይም በመካነ ሰላም አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ብድር ሽቶ መጣ እንበል። ያለው ሀብት ሁለት በሬና በጎተራ የገባ እህል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥርዓት መያዣ የሚሆን ዕቃ ከባለቤቱ እጅ መውጣት ነበረበት፤ በሬውን ለአበዳሪ ያስረከበ ገበሬ ደግሞ በምን ያርሳል? በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን፣ ከብትና የእርሻ ምርት በባለቤቱ እጅ እንዳለ በመዝገብ ተመዝግቦ ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ይህን ያላነበበ ነገረ ፈጅ «አይቻልም» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ሕግ የከፈተለትን በር በገበሬው ላይ ዘጋበት ማለት ነው። ያም ገበሬ ከዚያ የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው።

ድርጅቱ ራሱም ሊለወጥ ይችላል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለብዙ ዓመታት በአነስተኛ የፋይናንስ ሥራ ሕግ ሲመራ ቆይቶ፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ፀደይ ባንክ ሆነ። ባንክ በሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የባንክ ሥራ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 ተተካ፤ የውጭ አገር ባንኮችም ወደ አገራችን እንዲገቡ ተፈቀደ። በእንዲህ ያለ ድርጅት የሚሠራ ነገረ ፈጅ፣ ወንበሩን ሳይለውጥ ሕጉ ሁለት ጊዜ ተለወጠበት ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ጠበቆች ተከታታይ የሕግ ሥልጠና የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ለቀጣሪው ብቻ የሚከራከረው ነገረ ፈጅ ግን የጥብቅና ፈቃድ ስለማይጠየቅ ይህ ግዴታ አይደርስበትም። አስገዳጅ በሌለበት ደግሞ ትጋቱ ከራሱ፣ ድጋፉም ከሹሞቹ ሊመጣ ይገባል።

ከነገረ ፈጁ የሚጠበቀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣና የአማራ ክልሉን ዝክረ ሕግ እየተከታተለ ማንበብና የተሻረውን አንቀጽ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለ ሆነ፣ ቅጾቹን መመርመር ነው፤ አንቀጹ ሳይለወጥ ትርጉሙ የሚለወጥበት ጊዜ አለና። ሦስተኛ፣ መመሪያ ሲደርሰው በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመዝገቡን ማረጋገጥ ነው፤ ያልተመዘገበ የፌዴራል መመሪያ ተፈጻሚነት የለውምና።

እናንተም በኃላፊነት ያላችሁ ሠራተኞች ድርሻ አላችሁ። ለነገረ ፈጁ በሳምንት ጥቂት የንባብ ሰዓት ፍቀዱለት፤ በየዓመቱ ለመጻሕፍትና ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብ በበጀት ያዙለት። አዲስ አበባ ድረስ መላክ ቢከብድ በደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራልና፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ተባብረው መምህር ሊጋብዙ ይችላሉ። ደብዳቤ አርቃቂ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ካዋሉት በኋላ ስለ አዲሱ ሕግ መጠየቅ፣ ሳይዘሩ ማጨድን መመኘት ነው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። ነገረ ፈጅ ምክሩን ከሕጉ ሥር የቀዳ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ከኪሣራ፣ ባለ ጉዳዩም ከእንግልት ይድናል። ስለዚህ ነገረ ፈጅ ሆይ፣ ነገ ጠዋት «አይቻልም» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ጋዜጣውን አንድ ጊዜ ግለጥ፤ መልስህን ሩቅ ደጋ ላይ ሆኖ የሚጠባበቅ ሰው አለና።