ጥፍር ቤት የሚወራውና እውነቱ
(በጤና ፕሮግራማችን በራዲዮ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም ጭምር፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ጥፍር ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መሃል ደግሞ ጥፍር!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

ከካኩማ ፈቃድ አግኝተው ወደ ናይሮቢ ከወጡት እህቶቻችን መካከል ጥፍር ሥራ ተምረው እንጀራቸውን የሚያበስሉ አሉ። አንዲቷ ኪሊማኒ፣ ከያያ ሴንተር ብዙ በማይርቅ ሳሎን ውስጥ ከተቀጠረች ሦስተኛ ወሯ ነው። የምትከፈለው በሠራችው ጥፍር ልክ ስለሆነ ደንበኛ ካኮረፈ ለእሷ የዕለት ጉርሷ ቀረ ማለት ነው። ደውላ የጠየቀችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «ደንበኞቼ ትክክል ያልሆነ ነገር ይነግሩኛል፤ እሺ ብዬ ልሥራ ወይስ ልንገራቸው?» እዚህ ካምፕ ውስጥም በቆርቆሮ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ጥፍር የሚሠሩ ልጆች ስላሉ፣ መልሱን ለሁላችሁም ይሁን ብዬ አመጣሁት።

ደንበኞች ደጋግመው የሚሉት «ጥፍሬ ይተንፍስ፣ አንድ ወር ላሳርፈው» የሚል ነው። ጥፍር አይተነፍስም። የምናየው ጠንካራ ክፍል ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ፀጉራችንም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሕይወት ያለው በቆዳ የተሸፈነው የጥፍሩ ሥር ነው፤ እሱም ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከደም እንጂ ከአየር አይደለም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። የእግር ጥፍር ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ታዲያ «ጄል ጥፍሬን አሳሳው» የሚሉት ሰዎች ውሸታቸውን ነው? አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳሳው ግን አነሣሡ ነው። ጄሉን በጥርስ፣ በካርድ ጠርዝ ወይም በሌላ ጥፍር ፈልቅቀው ሲያነሡት የጥፍሩ የላይኛው ንጣፍ አብሮ ይላጣል። ሞረዱ ሲበዛም እንዲሁ ነው። በአሴቶን አርሶ፣ አለስልሶ፣ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው መፍትሔው። የሳሳው ጥፍር ደግሞ በቅባትም ሆነ በነጭ ሽንኩርት አይወፍርም፤ አድጎ መቆረጥ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ዋና የምለው ክሊኒክ ድረስ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ጥፍርና ሥጋ የሚገናኙበትን ስስ ቆዳ ኪዩቲክል ይሉታል። ደንበኛዋ «ቆሻሻ ነው፣ ጥርግ አድርገሽ ቁረጪልኝ» ትላለች። ቆሻሻ አይደለም፤ በር ነው። ውሃና ጀርም ወደ ጥፍር ሥር እንዳይገቡ የሚዘጋው እሱ ነው። በሩ ተቆርጦ የተነሣባት ሴት ማታ ልብስ ስታጥብ፣ ሊጥ ስታቦካ፣ ዕቃ ስታለቀልቅ እጇ ውሃ ውስጥ ውሎ ያመሻል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የጣቷ ጠርዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሌሊት ይጠዘጥዛል፣ ከዚያም መግል ይይዛል። ገና ቀይ ሆኖ ሳለ ሞቅ ባለ ንጹሕ ውሃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ይረዳል። መግል ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቅላቱ ወደ እጅ ከተስፋፋ ግን ክሊኒክ ኑ። በመርፌ አትብሱት፤ ከሱቅም ሁለት ካፕሱል ገዝታችሁ አትዋጡ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት እንኳ ካየ በዚያው ቀን መምጣት አለበት፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንለትምና።

ስለዚህ እህቴ፣ ቆዳውን በሞቀ ውሃ አለስልሰሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ግፊው፤ የተነቀለ ቁራጭ ካለ እሱን ብቻ ቁረጪ። ደንበኛዋ ታላቅሽ ከሆነች «እትዬ፣ ይህን ብቆርጠው ያብጥብዎታል፤ ገፍቼ ላሳምርልዎት» ማለት ይበቃል። አንድም ሰው «አይ፣ ይበጥብኝ» አይልም።

ቀጥሎ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ብዙ ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ መቁረጫውን ከተው «ከጀርም ጸድቷል» ይላሉ። ያ መብራት የሚደርሰው በቀጥታ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመቀሱ መጋጠሚያ ውስጥ ያለ ደምና ቆሻሻ ላይ ምንም አያደርግም። ደንበኞች የሚፈሩት ኤች.አይ.ቪ.ን ነው። ኤች.አይ.ቪ. እጅ በመያዝ አይተላለፍም፤ ከሰውነት ውጭም ብዙ አይቆይም። ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰውን ጥፍር መሥራት የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ይህን በግልጽ ልናገር። እኔ ይበልጥ የምፈራላችሁ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት በሽታ ነው። ቫይረሱ ዓይን በማያየው የደረቀ የደም ጠብታ ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የማክሰኞዋ ደንበኛ ደም ለእሑዷ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው። ክትባት አለው። በኢትዮጵያ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያ የተወለድን አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ጥፍር የምትሠሩ ልጆች፣ ስለ ሦስቱ መርፌዎች ክሊኒክ ጠይቁ።

የመሣሪያው ማጽጃ ውድ አይደለም። በመጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ነው፤ ቆሻሻ ያለበት ብረት ላይ መድኃኒት አይሠራም። ከዚያ ጂክ። ጠርሙሱ ላይ 3.5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ኩባያ ጂክ በስድስት ኩባያ ውሃ በጥብጡና መሣሪያውን አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁት፤ ከቆየ ይዝጋል። ጂክ ከሌለ ሃያ ደቂቃ ማፍላት ነው። ጂክን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የእንጨት ዘንግና የወረቀት ሞረድ ደግሞ አይጸዱም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ናቸው። አንዳንድ ደንበኛ የራሷን ሞረድና መቁረጫ በቦርሳ ይዛ ትመጣለች፤ «ንቃኝ ነው» ብለሽ አትቀየሚ። ብልህ ናት።

አንዳንዴ አርቴፊሻሉ ሲነሣ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ደንበኛዋ «ሻጋታ ነው፣ ሸፍኚልኝ» ትላለች። ሻጋታ አይደለም፤ በተላቀቀው ጥፍር ሥር እርጥበት ሲታቆር የሚራባ ባክቴሪያ ነው። ከተሸፈነ ይብስበታል። ይነሣ፣ ይድረቅ፣ ክሊኒክ ትታይ። ፈንገስ ሌላ ነው፤ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። ነጫጭ ነጠብጣብ ደግሞ የካልሲየም እጥረት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ሲመታ የቀረ ምልክት ስለሆነ አድጎ ይወጣል።

«ሲያቃጥል እየሠራ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ወሬ ሰውን ይጎዳል። ጄል መብራቱ ሥር ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ሊሞቅ ይችላል፤ ያኔ እጅን ማውጣት ነው። በማግስቱ የሚያሳክክ፣ ጣት ጫፍ ላይ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ግን አለርጂ ነው። ካልደረቀው ጄል ውስጥ ያለው ኬሚካል ቆዳ ሲነካ ነው የሚጀምረው፤ ከጀመረም ዕድሜ ልክ ይኖራል። ተመሳሳይ ኬሚካል ለጥርስ ሙሌት ስለሚያገለግል ነገ ጥርስ ቤት ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከደንበኛዋ ይልቅ ቀኑን ሙሉ የምትነካው ሠራተኛዋ ትጋለጣለች። ጓንት አድርጊ፤ ጄሉ ቆዳ ላይ አይፍሰስ፤ መስኮት ክፈቺ፤ ጭንብል አቧራውን እንጂ ሽታውን እንደማይከለክል እወቂ። የአውሮፓ ኅብረት ጄል በመብራት እንዲደርቅ የሚያደርገውን ቲ.ፒ.ኦ. የተባለ ኬሚካል ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል። የገዛሽው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፤ ምንም ጽሑፍ የሌለውን ርካሽ ዕቃ ተዪው። ኤም.ኤም.ኤ. የሚባል የአክሪሊክ ፈሳሽም አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1970ዎቹ እርምጃ የወሰደበት ነው። ሽታው ከባድ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ በአሴቶን በቀላሉ አይለቅም። ጣት ሲመታ ጥፍሩን ይዞ ይነቀላል።

የመብራቱን ካንሰርም ይጠይቃሉ። በ2023 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት ብርሃኑ በላቦራቶሪ ያሉ ሴሎችን እንደሚጎዳ አሳይቷል፤ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ግን አላረጋገጠም። ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ማጥለቅ በቂ ጥንቃቄ ነው።

እዚህ ካምፕ ያላችሁ ግን ከመብራቱ ይልቅ እሳቱን ፍሩ! አሴቶን እንደ ቤንዚን ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ከሰሉ ቀልቶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ አንዷ ጥግ ላይ ኩቴክስ ስታስለቅቅ አይቻለሁ። ትነቱ በመሬት ተጉዞ ከሰሉ ጋ ይደርሳል፤ ቤታችን ደግሞ ሸራና እንጨት ነው። ቡናው ይለቅ፣ ወይም ደጅ ውጡ። በሚሪንዳ ጠርሙስም አታስቀምጡት፤ ሕፃን ይጠጣዋል። ቲፕ በሱፐር ግሉ የምትለጥፉም አላችሁ፤ ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጥጥ ልትጠርጉት እንዳትሞክሩ።

እናቶቼ ደግሞ «ድሮ በእንሶስላ ነበር የምንሞቀው፣ ምንም አልሆንንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የእንሶስላ ሥር የእኔም አያት ወጋቸው ነው። ጥፍር ያቀላል፤ ያጠነክራል የሚለውን ግን አላረጋግጥም። ከጎረቤቶቻችን ያገኘነው ሂናም በተፈጥሮው ቀይ ቡናማ ነው። በግማሽ ሰዓት ጥቁር የሚያደርግ «ጥቁር ሂና» ካያችሁ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተቀላቅሎበታል፤ እጅ ላይ ውሃ ቋጥሮ ጠባሳ ይተዋል። ለሙሽሮች ንገሩልኝ።

ለመውለድ የደረሳችሁ እህቶች፣ ከእያንዳንዱ እጅ ቢያንስ የአንድ ጣት ኩቴክስ አስለቅቃችሁ ኑ። ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የሚሰካው ጣት ላይ ነው፤ ጥቁር ቀለም ሊያሳስተው ይችላል። ሕፃን የሚያጥቡ፣ በሽተኛ የሚያስታምሙም ረጅም አርቴፊሻል ጥፍር ይቅርባቸው። በ1997 እና 1998 በአሜሪካ ኦክላሆማ ከተማ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ብዙ ሕፃናት የሞቱበት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ መርማሪዎች ምክንያት ሊሆን ይችላል ካሉት አንዱ የሠራተኞቹ ረጅምና አርቴፊሻል ጥፍር ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጥቁር መስመር። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ብዙ ጥፍር ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር መታየቱ የተለመደ ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ቆዳው የፈሰሰ ከሆነ ግን ይለያል። ቦብ ማርሌን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ነገር የኳስ ጉዳት ይመስል ነበር፤ በ1977 ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ሜይ 11 ቀን 1981፣ በ36 ዓመቱ አረፈ። እህቴ፣ የሰውን ጥፍር እንደ አንቺ አቅርቦ የሚያይ ሐኪም እንኳ የለም። እንዲህ ያለ መስመር ካየሽ ቀለም ቀብተሽ አትሸፍኚው፤ «ይህን ሐኪም ይይልዎት» በይ።

«ደንበኛዋ ብትሄድብኝስ?» ብላኝ ነበር። አንዳንዷ ትሄዳለች። ከመጀመርሽ በፊት፣ ገና እጇን እያየሽ ንገሪያት፤ ከተቀባ በኋላ የተነገረ ነገር ሰበብ ይመስላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪያት፤ እንደ እኔ በራዲዮ አታውሪባት። የሳሎኑ ባለቤት ቁረጪ ብላ ካዘዘችሽ ደግሞ ያበጠ ጣት ይዛ የምትመለስ ደንበኛ ገንዘቧን እንደምታስመልስ አስታውሻት። ይህን ቋንቋ ባለቤቶች ቶሎ ይገባቸዋል።

ጥያቄ ያላችሁ በብሎካችሁ ላለው የጤና ሠራተኛ ንገሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጀሪካን አጠባበቅ ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሰንብቱ።