ሮዝ ሸሚዝ



እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት፣ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ትምህርት ቤት ገባ። ጉልበተኞች በልብሱ ሰደቡት፤ እንመታሃለን ብለውም አስፈራሩት። ይህን የሰሙ ሁለት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ዴቪድ ሼፐርድ እና ትራቪስ ፕራይስ፣ 50 ሮዝ ካናቴራ ገዝተው በትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ አደሉ። ብዙ ተማሪዎችም ከየቤታቸው ሮዝ ለብሰው መጡ። ዛሬ ካናዳ ውስጥ በየዓመቱ የካቲት ላይ የሮዝ ሸሚዝ ቀን ይከበራል።

እንዲህ ያለውን ስድብ ዩኒፎርም ያስቀረዋል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ የአለባበስ ደንብ ጥቅም አለው። ዩኒፎርም የሀብታምና የድሃ ልጅን ልዩነት ያጠባል። ነገር ግን የሚያላግጥ አፍን አይዘጋም፤ ጫማው፣ ጸጉሩ፣ አነጋገሩ ማላገጫ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ ያለው ከለባሹ ሳይሆን ከተሳዳቢው ነው። ልጁን "ሸሚዝህን ቀይር" ማለት ለጉልበተኛው መፍረድ ነው። ጉልበተኛን የሚያበረታው የተመልካች ዝምታ ነው፤ እነዚያ ተማሪዎች የሰበሩትም እሱኑ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን "ማን ነካችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። "ሲሰደብ ያያችሁት ልጅ አለ? እናንተስ ምን አደረጋችሁ?" በሏቸው።