ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ

(በጁምዓ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ደሞዝና ስለ ኢቃማ አላወራም፤ እሱንማ ሁሌም እናወራዋለን። የዛሬው ስለ ሙዚቃ ነው። በየሠርጉ የሚከፈተውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሳው ብዙ ሰው ያልሰማውን፣ ሰዎች በራሳቸው አቅም የሠሩትን ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኃይሉ መርጊያ ይባላሉ፤ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋች ናቸው። በደርግ ጊዜ ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ እንግዳው ሌሊት መውጣት አይችልም፤ እነሱም እስኪነጋ ይጫወታሉ። በፈረንጆቹ 1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ግማሾቹ ተመለሱ፣ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው ሁሉንም ራሳቸው እየተጫወቱ አንድ ካሴት አወጡ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ኋላ ይዘው ይዞሩ ነበር። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ እያወጡ ይለማመዳሉ። ተሳፋሪው እኮ ማን እንደሚነዳው አያውቅም!

በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሰምቶ ደነገጠ፣ ስልካቸውን ፈልጎ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፣ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ።

ይሄን የምነግራችሁ «አንድ ቀን ለእኛም ይደወላል» ለማለት አይደለም። ለብዙ ሰው አይደወልም። እኔን የገረመኝ ስልኩ አይደለም፤ ማንም ሳይደውል በፊት የተለማመዱት ያ ሁሉ ዓመት ነው። እኛን እዚህ «ኸዳማ» ይሉናል፤ እየቆየ ራሳችንም ስማችን ይመስለናል። እሳቸው ታክሲ ነዱ እንጂ ታክሲ ነጂ ብቻ አልሆኑም።

በራስ አቅም መሥራት በሀገራችን የቆየ ነው። ድሮ ሸክላ ማሳተም በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ግን በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አመጣ። ከዚያ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። እሱ ባይደፍር ኖሮ ዛሬ የምንወዳቸው ብዙ ድምፆች አይቀሩልንም ነበር።

እንዴት ይገኛል ለምትሉ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ዩቲዩብ ላይ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም እጽፋለሁ። ደስ ያለኝ ዘፈን ላይ ማን ምን እንደተጫወተ አነባለሁ፤ አንዱ ስም ወደ ሌላው ይወስዳል። ለምሳሌ የዋልያስን «ቼ በለው» ስትሰሙ ሙላቱ አስታጥቄን ታገኛላችሁ፤ ከሙላቱ ደግሞ ወደ ኢትዮ ጃዝ ትገባላችሁ። የባንዱ የራሱ ገጽ ካለ ከዚያ ስሙ፤ ገንዘብ ባይኖረን እንኳ መስማታችን ለእነሱ ይቆጠርላቸዋል።

እኔ ማታ ልብስ ስተኩስ ነው የምሰማው፣ በአንድ ጆሮ፤ ሌላው ጆሮዬ ለማዳም ጥሪ ነው። የጋሽ ኃይሉ ሙዚቃ አብዛኛው ቃል ስለሌለው «ምን እያለ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ስልክ የማይፈቀድላችሁ ስትተኙ ስሙት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከሚመጣው ጁምዓ ጀምሮ እያንዳንዳችን ሌላው ያልሰማውን አንድ ዘፈን ይዘን እንምጣ። መምጣት የማትችል በድምፅ መልእክት ትላክልን። ደግሞ ከመካከላችን ድምፅ ያላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሳህን ስታጥቡ የምታንጎራጉሩትን በስልክ ቅዱትና አምጡ። ማንም ባይደውልም እኛ እንሰማለን።